የጨዋታ ሜዳን ማስተዳደር እንደ አንድ የሙያ ሥራ

(በናይሮቢ ከተማ፥ በላቪንግተን ሠፈር፥ ለኢትዮጵያውያን መምህራንና ወላጆች የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ተማሪዎቻችን ወደ ፊት ስለሚይዙት ሥራ የሚል ሰፊ ርእስ ነው። ስለ ሐኪምነት፥ ስለ መሐንዲስነትና ስለ ሒሳብ ዐዋቂነት የሚናገር ሰው ስለማይጠፋ፥ እኔ ከዚህ ሰፊ ርእስ አንዲት ጥግ ብቻ ይዤ፥ ብዙ ሰው ስለማይናገርለት አንድ ሥራ ጥቂት ቃል ለመናገር አስቤአለሁ። ይኸውም የስፖርት ሜዳን፥ የመዋኛ ገንዳን፥ በጠቅላላው ሕዝብ ሰውነቱን የሚያጠነክርበትንና መንፈሱን የሚያድስበትን ቦታ የማስተዳደር ሥራ ነው።

ለብዙዎቻችን ይህ ሥራ እንደ ሙያ አይታየንም። የሜዳ ኀላፊ ሲባል ቶሎ ብሎ በዐሳባችን የሚመጣው የበሩን ቍልፍ በወገቡ አንጠልጥሎ፥ ልጆቹን «ውጡ!» እያለ የሚያባርር ዘበኛ ነው። የዳኛን፥ የሐኪምንና የመምህርን ስም አባቶቻችን ከነክብሩ ሲያወርሱን፥ ለሜዳ ግን «ጠባቂ» ከሚለው በቀር ሌላ ስም አላቆዩልንም። በእርግጥ በእነርሱ ዘመን ሜዳው ሁሉ ሜዳ ስለ ነበረ፥ ለገናና ለጉግስ ቦታ የሚያስተዳድር ሰው ማን ይፈልግ ነበር? ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም በተደረገው የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ፥ የኢትዮጵያ ቡድን በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን መውሰዱን የማያውቅ ከመካከላችን አይገኝም። ከዚያ 60 ዓመት ካለፈ በኋላ፥ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድን ያንኑ የጥንት ተጋጣሚውን ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈ። ደስታው ትልቅ ነበረ። ነገር ግን በመዝገብ ላይ «የኢትዮጵያ ሜዳ» ተብሎ የተጻፈው፥ ይህ ሁለተኛ ድል የተገኘበት ቦታ፥ አዲስ አበባ አልነበረም፤ ባሕር ዳርም አልነበረም፤ የማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ ነበረ። ከዚያም አስቀድሞ፥ ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ከጋና ጋራ በአገራችን ልናደርገው የሚገባንን ጨዋታ በደቡብ አፍሪካ፥ በጆሐንስበርግ አድርገን 1 ለ 1 ወጥተናል። ምክንያቱም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳር ስታዲየም የታዘዘውን መለኪያ አያሟላም ብሎ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግበት ስላገደው ነው።

ባለቤቱ በእንግድነት ሄዶ እንግዳውን በሰው ቤት ሲቀበል ምን ያህል እንደሚከብድ እናንተው አስቡት። ለአውሮፕላንና ለሆቴል የሚወጣው ገንዘብ አለ። በዚያን ቀን በስታዲየሙ በር ላይ ቆሎና ሻይ፥ ባንዲራና ኮፍያ ሸጦ ልጆቹን የሚያበላው ሰው ባዶ እጁን ዋለ። ከሁሉም የሚበልጠው ጕዳት ግን፥ የአሥር ዓመት ልጅ አባቱን እጁን ይዞ ሄዶ፥ የአገሩ ቡድን ሲያሸንፍ በዐይኑ የማየት ዕድል መነፈጉ ነው። የ1954ቱን ድል ያዩ ልጆች ሸምግለው እንኳ ያን ቀን ሲያወሩ ሰምተናል፤ የ2014ቱን ድል ግን ልጆቻችን በቴሌቪዥን ሣጥን አዩት።

ይህን የምናገረው የገዛ አገሬን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። እዚህ በእንግድነት የተቀበለችን ኬንያም ይኸው ዕጣ ደርሶባታል። በእ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 ኬንያ ከቡሩንዲና ከኮትዲቯር ጋራ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በአገርዋ ልታደርግ የሚገባትን ሁለት ጨዋታዎች ያደረገችው በዚያው በሊሎንግዌ፥ እኛ ግብጽን ባሸነፍንበት ሜዳ ላይ ነው። በሩጫ ዓለምን ያስደነቁት ሁለቱ ጎረቤታሞች፥ ቤታቸው እንግዳ ለመቀበል ስላልተሰናዳ፥ ተራ በተራ የአንድ ደጅ ተከራይ ሆኑ ማለት ነው።

ሁለቱም አገሮች ስታዲየም ለመሥራት አልሰነፉም። ናይሮቢ የኛዮን ስታዲየም በእ.ኤ.አ. 1983፥ የካሳራኒን ደግሞ በ1987 ለመላው አፍሪካ ጨዋታ ሠርታለች። እኛም ከክልል እስከ ክልል ስንት ሺሕ ሰው የሚይዝ ስታዲየም አቁመናል። በእኔ አስተያየት ችግሩ ያለው ከሪባኑ መቈረጥ በኋላ ነው። የመሠረት ድንጋይ የጣለው ሰው ስም በእብነ በረድ ተቀርጾ ይቀመጣል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሣሩን የሚያበቅለው፥ ቧንቧውን የሚጠግነው፥ ወንበሩን የሚቈጥረው፥ መብራቱን የሚሞክረው ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ስም የሚሰጥ ሰው አይገኝም። ሥራው የሁሉ በመሆኑ የማንም አይደለም።

ኬንያውያን ሜዳቸውን አድሰው በእ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 ከታንዛኒያና ከዩጋንዳ ጋራ በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾችን የአፍሪካ ሻምፒዮና አስተናገዱ። የፍጻሜው ጨዋታም በካሳራኒ ተደርጎ ሞሮኮ ማዳጋስካርን 3 ለ 2 አሸነፈች። ሣሩ አምሮ ነበረ፤ መብራቱም ሠርቷል። ይሁን እንጂ ገና በውድድሩ አጋማሽ ትኬት የሌላቸው ሰዎች በሩን ጥሰው ስለ ገቡ፥ በኬንያ ጨዋታ ወደ ካሳራኒ የሚገባው ተመልካች ከ27,000 እንዳይበልጥ ኮንፌዴሬሽኑ አዘዘ። ስታዲየሙ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ሰው መያዝ የሚችል ሆኖ ሳለ፥ ወንበሩ ባዶውን ዋለ። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፥ ያጠፋው ሲሚንቶው አለመሆኑን ነው። በስንት በር ስንት ሰው በስንት ደቂቃ እንደሚገባ አስልቶ ሰው የማሰማራት ዕውቀት የመሐንዲስም የአሠልጣኝም ዕውቀት አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሌላ ዕውቀት ነው።

ይህ ዕውቀት ሲጐድል የሚቀጣው ወንበር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። በእ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 2001 በጋና ዋና ከተማ በአክራ ስታዲየም ተመልካቹ በሁከት ላይ ሳለ ፖሊስ አስለቃሽ ጢስ ስለ ተኰሰ፥ ሕዝቡ ወደ በሮቹ ሲሮጥ በሮቹ ተቈልፈው ተገኙ። ከ120 በላይ የሚሆኑ ሰዎች ተረጋግጠውና ታፍነው ሞቱ። በእ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 2022 ደግሞ በያውንዴ፥ ለአፍሪካ ዋንጫ ተብሎ በተሠራው አዲሱ የኦሌምቤ ስታዲየም ደጃፍ ስምንት ሰዎች በመረጋገጥ ሞቱ፤ ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ ነበረና። ዘበኛ በሩን መዝጋት ያውቃል። መቼ መከፈት እንዳለበት አስቀድሞ ዐውቆ፥ ቍልፉ በማን እጅ እንዳለ በመዝገብ ጽፎ፥ ጨዋታው ሳይጀመር ራሱ ዞሮ እያንዳንዱን መዝጊያ በእጁ ገፍቶ የሚመለከት ሰው ግን ሌላ ነው። እኔ የሜዳ አስተዳዳሪ የምለው ይህን ሁለተኛውን ሰው ነው።

ስለ ትልልቅ ስታዲየሞች ይህን ያህል ከተናገርኩ ይበቃኛል። ልጆቻችን ሥራ የሚያገኙት በብዛት በትንንሾቹ ቦታዎች ስለ ሆነ፥ አሁን ወደ ሠፈራችን ወደ ላቪንግተን ልመለስ።

እንደምታውቁት ይህ ሠፈር የተመሠረተው በቡና እርሻ ላይ ነው። በእ.ኤ.አ. በ1899 ገደማ የመንፈስ ቅዱስ አባቶች የሚባሉ የፈረንሳይ ካቶሊክ ሚስዮናውያን ቅዱስ ኦስቲን የሚባለውን ሚስዮን እዚህ ተክለው ቡና ማልማት ጀመሩ። ከእኛ ደጋ የወጣው ቡና በየመንና በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ዞሮ፥ ጎረቤታችን ኬንያ የገባው በፈረንሳዮች እጅ መሆኑ ዘወትር ያስገርመኛል፤ ከሞያሌ በበቅሎ ቢመጣ መንገዱ ያጥር ነበር። የሆነው ሆኖ እርሻው ቀርቶ ሠፈሩ ሰፊ ግቢና ትልልቅ ዛፍ ያላቸው ቪላ ቤቶች የሚገኙበት ሆነ። አሁን ደግሞ ቪላዎቹ በየተራ እየፈረሱ በቦታቸው ፎቅ ይቆማል። ቀድሞ አንድ ቤተ ሰብ ይኖርበት በነበረው ግቢ ውስጥ ዛሬ ስንት ቤተ ሰብ እንደሚኖር በዚህ አዳራሽ ካላችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የልጆቹ ቍጥር ሲበዛ መጫወቻቸው ወደ መኪና ማቆሚያነት ተለወጠ። ስለዚህ የሠፈሩ ክለብና የየትምህርት ቤቱ ሜዳ የሀብታም መዝናኛ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፥ ልጅ የሚሮጥበት የመጨረሻው ቦታ ሆኗል።

በዚሁ በላቪንግተን የጃፈሪ ስፖርት ክለብ የሚባለው የአንድ ማኅበረ ሰብ ክለብ አለ። ክለቡ የመንግሥት ስታዲየም አይደለም፤ ነገር ግን በእ.ኤ.አ. ከጥር እስከ የካቲት 2007 የዓለም ክሪኬት ሊግ የመጀመሪያው ምድብ ውድድር በናይሮቢ ሲደረግ፥ ከተመረጡት ሦስት ሜዳዎች አንዱ ይህ የሠፈራችን ሜዳ ነበረ። ስኮትላንድ፥ አየርላንድ፥ ኔዘርላንድስ፥ ካናዳና ቤርሙዳ መጥተው ከኬንያ ጋራ ተወዳደሩ፤ ዋንጫውንም ኬንያ ወሰደች። ክሪኬት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ጨዋታ ነው፤ ሕጉን በሙሉ አስረዳችኋለሁ ብዬ አልደፍርም። ሆኖም ስለ ሜዳው አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሰፊው ሣር መካከል 20 ሜትር ከጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ርዝመት ያለው የጠጠረ መሬት አለ። ኳሱ ነጥሮ የሚነሣው ከዚህች መሬት ላይ በመሆኑ፥ የጨዋታው ዕድል በእርስዋ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ይህችን መሬት ውሃ እያጠጡ፥ በከባድ ተሽከርካሪ ድንጋይ ወይም ብረት እየዳመጡ፥ እያደረቁ፥ ሣርዋን እስከ መሬት እያጨዱ ማዘጋጀት የብዙ ቀን ሥራ ነው። ዝናብ ቢመጣ በምን እንደምትሸፈን፥ ፀሐይ ቢበረታ መቼ እንደምትሰነጠቅ የሚያውቀው በሳይንስም በልምድም የተማረ ሰው ነው። ኬንያ በእ.ኤ.አ. 2003 በዓለም የክሪኬት ዋንጫ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ ሳለ፥ በ2014 የአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ጨዋታ ደረጃዋን አጣች። ቡድን ይነሣል፥ ይወድቃልም፤ ሜዳ ግን በደኅና ከተያዘ ወድቆ የሚነሣውን ትውልድ ይጠብቀዋል።

ስለ ሣር ካነሣሁ ዘንድ ትንሽ ልቈይበት። ይህን ስናገር ግብርና የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ይታዘቡኝ። በዚህ አካባቢ በየመንገዱ ዳር የምታዩት፥ ፈረንጆች በኪኩዩ ሕዝብ ስም የሚጠሩት ሣር፥ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው፤ በኢትዮጵያም ደጋ ይበቅላል። ይህ ሣር ከአካባቢያችን ወጥቶ በአውስትራሊያ፥ በደቡብ አፍሪካና በካሊፎርኒያ ስንት የታወቀ የስፖርት ሜዳ አልብሷል። በየጓሮአችን የሚያስቸግረን ሰርዶም እንዲሁ በሞቃት አገሮች ከታወቁት የሜዳ ሣሮች አንዱ ነው። የሣሩ ዘር ከእኛ ተገኝቶ ሳለ ሜዳችን አቧራ የሚሆነው እንግዲህ ለምንድን ነው? ሣር ዕረፍት ይፈልጋልና ነው። ከጠዋት እስከ ማታ፥ ከሰኞ እስከ እሑድ የሚረገጥ ሣር ምንም ቢያጠጡት ይሞታል። አፈሩም መታወቅ አለበት። ላቪንግተን ያለው ቀይ አፈር ውሃን ቶሎ ያሰርጋል፤ ወደ ኤምባካሲ ወረድ ሲሉ ያለው ጥቁር አፈር ግን እንደ አቃቂ መረሬ በዝናብ ጊዜ ይላቍጣል፥ በፀሐይ ጊዜ ይሰነጠቃል። በአንዱ ቦታ የሠራ የውሃ መውረጃ በሌላው አይሠራም። የናይሮቢ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲሆን፥ የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ስለዚህ ከዚህ የተማረ ልጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የሜዳውን የዕረፍት ወራት እንደገና ማስላት አለበት።

ሜዳው እንዲያርፍ ደግሞ «አይሆንም» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ከሥራው ሁሉ አስቸጋሪው ክፍል ይህ ይመስለኛል። የጊዜ ሰሌዳ የያዘ ሰው በእጁ ዳኝነት ይዟል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሜዳውን የሚፈልጉት የትልቅ መሥሪያ ቤት ቡድን፥ የሠፈር ጐልማሶች፥ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድንና የስምንት ዓመት ሕፃናት ናቸው። ዝም ከተባለ ሜዳውን የሚወስደው ጉልበተኛው ነው፤ ሴት ልጆቹ ደግሞ ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት በፀሐይ ይጫወታሉ። ሰሌዳውን ጽፎ በበሩ ላይ የለጠፈና፥ ባለ ሥልጣን ስልክ ሲደውልለት የጻፈውን የማይደልዝ አስተዳዳሪ ያለበት ቦታ በመግቢያው ላይ ይታወቃል። (በነገራችን ላይ የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓትን እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ስለሚቈጥሩና ጽሕፈት ቤቶች ግን በፈረንጅ ሰዓት ስለሚጽፉ፥ በ«ሦስት ሰዓት» ቀጠሮ ስንት ቡድን እንደ ተጣላ አትጠይቁኝ።)

የመዋኛው ገንዳ ነገር ከሜዳውም ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ውሃው ጥርት ብሎ ሰማያዊ መስሎ ስለ ታየ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የክሎሪኑ መጠን በየቀኑ ከአንድ ጊዜ በላይ መለካት፥ የውሃውም ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው መካከል መጠበቅ አለበት፤ ከዚያ ሲወጣ ክሎሪኑ ኀይሉን ያጣል ወይም የዋናተኛውን ዐይንና ቆዳ ይቈጠቍጣል። የኬሚስትሪ መምህራን ሆይ፥ ተማሪው አሲድና ቤዝ ለምን እንደሚማር ሲጠይቃችሁ ወደ መዋኛ ገንዳ ውሰዱት። ከውሃው ንጽሕና በላይ ደግሞ የሰው ነፍስ አለ። የሚሰጥም ሕፃን እንደምናስበው አይጮኽም፤ በጸጥታ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ነፍስ አድን ዋናተኛው ስልኩን እየተመለከተ እንዳይቀመጥ፥ በስንት ደቂቃ እንደሚተካ፥ ገንዳው በአንድ ጊዜ ስንት ልጅ እንደሚይዝ የሚወስነው አስተዳዳሪው ነው።

ገንዘቡንም አልዘነጋሁትም፥ ግን በአጭሩ ልለፈው። ውሃ በናይሮቢ በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ስለ ሆነ የጕድጓድ ውሃ የማውጣት ወጪ አለ፤ የመብራት፥ የደመወዝና የኢንሹራንስ ወጪም አለ። ከየወሩ ገቢ ላይ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ የማያስቀምጥ ክለብ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጣሪያው ሲያፈስ ለማኝ ይሆናል። የሒሳብ መዝገብ የማያውቅ የስፖርት ሰው ክለብ ሲያስተዳድር ያየሁት ጥፋት፥ ስፖርት የማያውቅ የሒሳብ ሰው ሲያስተዳድር ካየሁት ጥፋት ይበልጣል፤ ሁለተኛው ቢያንስ ምን ያህል እንደ ጠፋ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። የሜዳ ትልቁ ጠላት ድርቅም ጭቃም አይደለም፤ መሬቱን የሚፈልግ ሰው ነው። ባዶ ቦታ የሚመስል ነገር በከተማ ውስጥ ሲታይ «ምንም አልተሠራበትም» ይባላል። እዚህ ናይሮቢ በእ.ኤ.አ. 1989 በኡሁሩ ፓርክ ውስጥ 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብ ዋንጋሪ ማታይ ተቃወሙ፤ ስንት ስድብ ተቀብለው ሕንፃው እንዲቀር አደረጉ። ከአሥር ዓመት በኋላም የካሩራን ደን ከመሬት ተቀራማቾች ለማዳን ሲከራከሩ ተደብድበዋል። ዛሬ በካሩራ ስንቶቻችን በእግርና በብስክሌት እየተዘዋወርን እንዝናናለን! በእ.ኤ.አ. 2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት የተሸለሙት እኒህ ሴት ነበሩ።

ለእኛ ለመምህራን ይበልጥ የሚቀርበን ግን የላንጋታ መንገድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነገር ነው። በእ.ኤ.አ. ጥር 2015 ልጆቹ ከዕረፍት ሲመለሱ መጫወቻ ሜዳቸው በግንብ ታጥሮ አገኙት። ጥር 19 ቀን ያን ግንብ ለማፍረስ የወጡት ሕፃናት ላይ ፖሊስ አስለቃሽ ጢስ ተኰሰባቸው። ፎቶግራፉን ዓለም አየው፤ መንግሥትም ሜዳው የትምህርት ቤቱ መሆኑን አረጋገጠ። ሜዳው ተመለሰ፤ ነገር ግን የአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ባለቤት ማን እንደ ሆነ በሚገባ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ፥ የስምንት ዓመት ልጅ በጢስ መካከል መቆም ባላስፈለገው ነበር። ስለዚህ የሜዳ አስተዳዳሪ ሥራውን በተረከበ ቀን ከሣሩ አስቀድሞ የሚመለከተው የመሬቱን የባለቤትነት ወረቀትና የድንበሩን ምልክት ነው እላለሁ።

በአገራችንም ጃንሜዳን አስቡ። የጥምቀት በዓል፥ የፈረስ ግልቢያና የአገር አቋራጭ ሩጫ የሚደረግበት ይህ ታላቅ ሜዳ፥ በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ የአትክልት ተራ ገበያ ተዛውሮበት ለብዙ ወራት ሽንኩርትና ቲማቲም ሲራገፍበት ቈይቷል። የችግር ጊዜ ስለ ነበረ ውሳኔውን የምነቅፍ አይደለሁም። ነገር ግን ጭነት መኪና ሲመላለስበት የከረመ መሬት ገበያው ስለ ተነሣ ብቻ ሜዳ አይሆንም፤ የጠጠረውን አፈር አላልቶ፥ ሣሩን መልሶ ተክሎ ለማዳን ዕውቀትና ትዕግሥት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወላጆች፥ «ልጄን ይህን ያህል ያስተማርሁት ሣር ሊያጠጣ ነውን?» ብትሉኝ፥ አዎን፥ ሣርም ጭምር ሊያጠጣ ነው እላችኋለሁ። ግን ሥራው በምን እንደሚጀመርና ወዴት እንደሚያደርስ ልንገራችሁ። ናይሮቢ በሚገኘው በኬንያታ ዩኒቨርሲቲ የመዝናኛና የስፖርት አስተዳደር ትምህርት የሚሰጥበት ክፍል አለ። የኬንያ መንግሥት በእ.ኤ.አ. 2013 ባወጣው የስፖርት ሕግ ስፖርትስ ኬንያ የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቁሞ የአገሪቱን ስታዲየሞች እንዲያስተዳድር አድርጓል፤ ሥራው በሕግ ስም ያገኘ የመንግሥት ሥራ ነው ማለት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ሌላም መንገድ አለ። በነፍስ አድንነት፥ በሜዳ ሠራተኛነት ወይም በቦታ መዝጋቢነት ጀምሮ፥ ማታ ማታ የሒሳብ አያያዝ ተምሮ፥ ቀስ በቀስ ክለብ እስከ መምራት የሚደርስ ሰው አለ። እኔ በበኩሌ ይህ ሁለተኛው መንገድ የተሻለ አስተዳዳሪ ያወጣል ብዬ አምናለሁ፤ ገንዳ ያጠበ ሰው የሚያጥበውን ሠራተኛ ያከብራልና።

የሥራው ገበያም እየሰፋ ነው። በአዲስ አበባ አንድነት ፓርክ በ2012፥ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍተዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ብዙ የልጆች መጫወቻና ትንንሽ የኳስ ሜዳ ተሠርቷል። ሯጮቻችንም ይህን ቀድመው ተረድተውታል። ኀይሌ ገብረ ሥላሴ በሱሉልታ በያያ ቪሌጅ ባለ ድርሻ ሆኗል፤ ቀነኒሳ በቀለም እዚያው ሱሉልታ የራሱን የመሮጫ መም አሠርቷል፤ እዚህ ኬንያም ሎርና ኪፕላጋት በኢተን የከፍተኛ ቦታ ማሠልጠኛ አቋቁማለች። እነርሱ በእግራቸው ያገኙትን ገንዘብ ቦታ አደረጉት። ቦታው ግን ከሻምፒዮኖች ሌላ መዝገብ የሚይዝ፥ ውሃ የሚለካ፥ ወጥ ቤቱን የሚቈጣጠር፥ እንግዳ የሚቀበል ሰው ይፈልጋል። ከአንድ ትምህርት ቤት ኀይሌን የሚያህል ሯጭ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ቢገኝ ነው፤ ስፖርት ወድዶ ሯጭ መሆን ያልቻለው ልጅ ግን በየክፍላችን፥ በየዓመቱ፥ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አለ። እኛ ለዚህ ልጅ እስከ ዛሬ የነገርነው «ኳሱን ተውና ተማር» የሚል ብቻ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባሎች የማቀርበው ሐሳብ ትንሽና ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። በየትምህርት ቤታችን የሜዳው የጊዜ ሰሌዳ መዝገብ ከሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ መሳቢያ ወጥቶ፥ በየወሩ ለሚለዋወጡ ሁለት ተማሪዎች፥ ለአንድ ወንድና ለአንዲት ሴት፥ ይሰጥ። ሜዳውን ማን በስንት ሰዓት እንደ ተጠቀመበት፥ ጎሉ መረብ እንዳለው፥ የሣሩ የትኛው ክፍል እንደ ተላጠ፥ ቧንቧው ስንት ቀን እንደ ፈሰሰ ይጻፉ። በወሩ መጨረሻ ለዲሬክተሩ ፊት ለፊት ያንብቡት። ዲሬክተሮች መጀመሪያ ላይ ይህ ንባብ ደስ እንደማይላቸው ከወዲሁ መገመት እችላለሁ።

ማየት ለሚፈልግም፥ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከጨዋታው አንድ ሰዓት አስቀድማችሁ ወደ አንድ ክለብ በር ሂዱ። ተጫዋቾቹ ከመድረሳቸው በፊት በሣሩ ላይ ጐንበስ ብሎ የሚመላለሰውን ሰው ፈልጉና ልጁ ራሱ እንዲጠይቀው አድርጉ፤ እንደዚህ ያሉ ሰዎች የሚጠይቃቸው ስለማያገኙ ወሬ አይነፍጉም። ስለ ትምህርቱና ስለ መግቢያው ሁኔታ ለመጠየቅ የምትፈልጉ ደግሞ ከሻይ በኋላ በዚሁ አዳራሽ እቈያለሁ።